አስቤዛው በ20ኛው ቀን ለምን ያልቃል?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ልጆች ያሉኝ ሠራተኛ ሴት ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሐዋሳ መስመር ይመላለሳል። አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ከሁለታችን ደመወዝ በወር 18 ሺህ ብር ለአስቤዛ እንመድባለን። ወሩ 20 ሲል ብሩ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው የምንኖረው። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ ዱቤውን እከፍላለሁ፤ አዲሱ ወርም ጎዶሎ ሆኖ ይጀምራል። ሱፐርማርኬት ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል፤ ሥጋ የምንገዛው በወር አንዴ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ‹ብሩን ምን ታደርጊዋለሽ?› ይለኛል። የሚያሳፍረኝ ሥራዬ ገንዘብ ያዥነት መሆኑ ነው። የአንድ ወር ወጪዬን በዝርዝር ጽፌ ልኬልዎታለሁ። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ማቀዝቀዣ ብንገዛስ እንቆጥብ ይሆን?
ሒሳቡ እምቢ ያላት፣ ከአየር ጤና»

ሒሳቡ እምቢ ያለሽ እህቴ፣

ዝርዝሩን ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ኑሮ ከበደኝ» ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል፤ ምኑ እንደከበደው ግን አይነግረኝም። የአንቺን ሁለት ምሽት ተቀምጬ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩት። ኑሮ መወደዱን ላስረዳሽ አልሞክርም። በተለይ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዘይት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ደብተርሽ ይናገራል። ግን ደብተርሽ ሌላም ነገር ይናገራል። በአንድ ወር ውስጥ 143 ጊዜ ገዝተሻል። ሁለቴ ቆጠርኩት። በቀን ወደ አምስት ጊዜ መሆኑ ነው።

«ሱፐርማርኬት አልረግጥም» ማለትሽ ገባኝ። የምትቆጥቢ መስሎሻል። ግን ከሰፈር ሱቅ በጥቂት በጥቂቱ መግዛት በአዲስ አበባ ውድ ከሚባሉት የአገዛዝ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ዋጋው በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ ብቻ አይታወቅም። ዘይትን እንይ። ግማሽ ሊትሩን በ210 ብር 11 ጊዜ ገዝተሻል። ይህ 2,310 ብር ነው። አንቺው ራስሽ ግርጌው ላይ አምስት ሊትሩ 1,750 እንደሆነ ጽፈሻል። አንዱን ሊትር በ420 እየገዛሽ በ350 የሚሸጠውን አይተሽ አልፈሻል ማለት ነው። በ5 ሊትር ተኩል 385 ብር ሄደ። ሽንኩርት 16 ጊዜ፣ ሁልጊዜም አንድ አንድ ኪሎ። ስኳር በሩብ ኪሎ። ቡና «የ50 ብር» እየተባለ። ከእያንዳንዱ ግዢ አጠገብ ደግሞ አንድ ብስኩት ወይም አንድ ከረሜላ ተጽፏል። ልጅ ሱቅ ሲላክ መልሱ ወደ ቤት አይመለስም። እኔም ልጅ ሆኜ ነበር፤ አውቀዋለሁ።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አምስት ሊትሩን ያልገዛሽው ስላላወቅሽ ሳይሆን ደመወዝ በገባ ማግስት ብሩ ለዱቤ ስለወጣ ነው። እጅ ላይ 1,750 ብር በአንድ ጊዜ የሌለው ሰው 210ሩን 11 ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዱቤው ነው።

ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ የተበላሸ አይመልስም፣ ሌላ ሱቅ አይሄድም። አንድ ጊዜ በእኔ ደብተር ላይ ያልወሰድኩት ሁለት ሳሙና ተጽፎ አገኘሁ። ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ በማግሥቱ ስኳር በዱቤ መውሰዴ አይቀርማ! ከባለሱቅሽ ጋር ተቀመጪና በግልጽ ንገሪው፦ «ያለብኝን በሦስት ወር ከፍዬ እጨርሳለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አዲስ አትጻፍብኝ» በይው። አብዛኛው ባለሱቅ ይስማማል፤ የጠፋ ደንበኛ ዱቤ ከመከተል የሚከፍል ደንበኛ ይሻለዋል። ዕዳውን በሦስት ስትከፍይው መጀመሪያ ወር ላይ የሚተርፍልሽ ብር ይኖራል። በዚያ ብር አንድ ነገር ብቻ በብዛት ግዢ። ዘይቱን። በሚቀጥለው ወር ስኳሩንና ቡናውን። ሁሉንም በአንድ ወር ለማስተካከል ከሞከርሽ በ15ኛው ቀን ተመልሰሽ እዚያው ደብተር ላይ ነሽ።

አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ። ከ18 ሺህው ውስጥ 7,920 ብሩ እንጀራ ነው፤ በቀን 12 እንጀራ፣ አንዱ በ22 ብር። ጎረቤቶችሽ ሁሉ «ቤት ጋግሪ» እንዳሉሽ እርግጠኛ ነኝ። ተረጋጊና እናስላው፤ እኔም ሳላሰላ ለብዙ ዓመት እንዲሁ እል ነበር።

ከሱቅ የገዛሁትን እንጀራ አንድ ቀን በኩሽና ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 280 ግራም አካባቢ መዘነ። የአንቺም ያንኑ ያህል ከሆነ 12ቱ 3 ኪሎ ከ360 ግራም ይሆናሉ። በእኔ ምጣድ ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ሁለት ኪሎ የሚጠጋ እንጀራ ይወጣል። በቀን 1 ኪሎ ከ700 ግራም ዱቄት፣ በወር 51 ኪሎ ያስፈልግሻል። በጻፍሽልኝ ዋጋ ሰርገኛው በኩንታል 12,500 ከሆነ 6,375 ብር ነው። ወፍጮውንና መብራቱን ስትጨምሪበት ትርፉ ወደ አንድ ሺህ ብር ይወርዳል። ጋጋሪ ቤት እየጠራሽ የምታስጋግሪ ከሆነ አንዱ ሺህ እዚያው ያልቃል። ማኛ ካልሆነ አልበላም የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከሱቁ ይበልጥብሻል። ስለዚህ «ቤት መጋገር ርካሽ ነው» የሚለው ወሬ እውነት የሚሆነው ጤፉ በወቅቱ ከተገዛ፣ ሰርገኛ ከሆነና የሚጋግር እጅ ካለ ነው።

አንቺ ሙሉ ቀን ውለሽ ማታ ሊጥ አቡኪ አልልሽም። ቅዳሜን ብቻ ጀምሪ። የቅዳሜው እስከ ማክሰኞ ይወስድሻል፣ የቀረውን ከሱቅ ግዢ። ክረምት ላይ ሻጋታ ቶሎ ስለሚመጣ ቀንሰሽ ጋግሪ። ከሊጡ ሩቡን ማሽላ ብታደርጊው ልጆቹ ልዩነቱን አያውቁም። ባለቤትሽ ያውቅ ይሆናል፤ እሱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። የተረፈውን ድርቆሽ አድርጊው፣ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል፤ ይህን ግን ሳልነግርሽም ታደርጊዋለሽ።

ጤፍ የሚገዛበት ጊዜ አለው። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቶ ገበያው በጥርና በየካቲት ይሞላል። ከሰኔ በኋላ የገበሬው ጎተራ እየጎደለ፣ መንገዱም እየጨቀየ ይሄዳል፤ ዋጋውም ወደ ላይ። ጤፍ ደግሞ ከእህል ሁሉ ለማስቀመጥ የሚመች ነው፣ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ አይደፍረውም። ሽምብራና ባቄላ እንዲህ አይታመኑም፤ እነሱን በብዛት ገዝተሽ እንዳትቆይባቸው። ጤፉንም ቢሆን በእህልነቱ እንጂ አስፈጭተሽ አታስቀምጪ፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚበቃሽን ብቻ ወፍጮ ቤት ላኪ። ስትገዢ ከጆንያው አፍ ላይ ሳይሆን እጅሽን እስከ ክርንሽ ሰደሽ ከመካከል ዝገኚ። አንድ ጭብጡን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ አማስይው፤ አሸዋ ካለበት ቀድሞ ታች ይቀመጣል። ነጋዴው ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ታዲያ 12,500 ብር በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል? ከዕቁብ። ግን በብር የሚጣል ዕቁብ አይሁን፣ በኪሎ ይሁን። አምስት ሴቶች ሆናችሁ፣ እያንዳንዳችሁ በየወሩ በዕለቱ ዋጋ የ20 ኪሎ ጤፍ ብር ትጥላላችሁ፤ ዕጣ የደረሳት አንድ ኩንታል ትገዛለች። ለምን በኪሎ? በብር ከሆነ ዋጋ ሲወጣ መጨረሻ የሚደርሳት ሴት ጎዶሎ ኩንታል ይዛ ትቀራለች፤ ዕቁብም በዚያው ይፈርሳል። የእኛ አንድ ጊዜ የፈረሰው እንዲሁ ነው፤ በአምስተኛው ወር ሁለት ሰው ኩርፊያ ላይ ነበር። እናንተ በኪሎ ከቆጠራችሁ ሁሉም እኩል ትወስዳለች። አሁን ጥቅምት ነው፤ አሁን ከጀመራችሁ እስከ የካቲት አምስታችሁም ትደርሳላችሁ፤ የመጨረሻዎቹ ወራትም አዲሱ ጤፍ የሚገባባቸው ናቸው። መርካቶ እህል በረንዳ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ የመኪናውን ኪራይ ለአንድ ኩንታል ብቻ እንዳትከፍሉ ሁለት ሦስት ሰው ተቀናጁ።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳቀኝ ቦታ ይህ ነው፤ አትቆጪኝ። «ብሩን ምን ታደርጊዋለሽ?» የሚልሽ ሰው በየሳምንቱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያልፋል! አዲስ አበባ የሚበላው ሽንኩርትና ቲማቲም ብዙው ከእነዚያ አካባቢዎች ነው የሚመጣው፤ መንገድ ዳር ተከምሮ ይሸጣል። የሻሸመኔን ድንችማ ማን የማያውቀው አለ? ያ ሽንኩርት በመኪና ተጭኖ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ይገባል፣ ከዚያ ለቸርቻሪ ይሸጣል፣ ከቸርቻሪ ለሰፈርሽ ሱቅ ይደርሳል፣ አንቺ ደግሞ ማታ ማታ አንድ አንድ ኪሎ ትገዢዋለሽ። ባለቤትሽ የሽንኩርቱን መነሻ በመስኮት እያየ ያልፍና ቤት ሲደርስ የመድረሻውን ዋጋ ይጠይቅሻል።

ስለዚህ ገበያተኛው እሱ ይሁን። ይህን እንደ ቅጣት ወይም እንደ ክርክር አታቅርቢለት። ለእኔ የላክሽልኝን ዝርዝር ሳትቆጪ ፊቱ አስቀምጪና «ሽንኩርትና ድንቹን አንተ ከመንገድ ብታመጣልን» በይው። ሾፌር ዋጋ ማወቅ ይወዳል። አንድ ወር ራሱ ሲገዛ ያ ጥያቄ ከአፉ ይጠፋል፤ ዋጋውን በእጁ ስለሚያውቀው። መጀመሪያ ላይ በደስታ አንድ ኬሻ ሽንኩርት ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል፤ ወንዶች ገበያ ሲላኩ እንዲህ ነው። ከዕቁብ ጓደኞችሽ ጋር ተካፈይው። የበጋ መስኖ ሽንኩርት ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል፣ ክረምት ግን ይሰቀላል፤ ክረምት ላይ በብዛት አያምጣ፣ ውኃ ስለሚበዛበት ይበሰብስባችኋል። ሽንኩርቱን ከፌስታል አውጥተሽ ቅርጫት ላይ ወይም ሰሌን ላይ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስጪው። ድንቹን ከሱ ጋር አታስቀምጪ፣ ጨለማ ቦታ ይሁን፤ ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ደግሞ አይበላም። ቲማቲም የመንገዱን መንገጫገጭ አይችልም፤ እሱን ከእሁድ ገበያ ግዢ። እሁድ ገበያ ማለዳ ላይ ጥሩ ጥሩው አለ፣ ማምሻው ላይ ደግሞ ሻጩ መልሶ ላለመጫን ይቀንሳል። የእኔ ምርጫ ማምሻው ነው፤ ለወጥ የሚሆን ቲማቲም ቆንጆ መሆን አይጠበቅበትም።

አንዳንዴ በቡታጅራ በኩል የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የሀላባን ወይም የማረቆን በርበሬ እዚያው ሊያገኝ ይችላል። አዲሱ በርበሬ ገበያ የሚገባው ከአሁን ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ነው፤ የዓመቱን የምትገዢውም ያኔ ነው። ግን በርበሬ መምረጥ ለባለቤትሽ አትስጪው። እዚህ ላይ አማትሽ ይምጡልኝ።

ስለ አማትሽ ያልሽው ጥቂት ነው፤ ግን ዝርዝርሽ ላይ ቡናው ሦስት ጊዜ በቀን እንደሚፈላና ጎረቤት እንደሚጠራ አይቻለሁ። በመስመሮቹ መካከል ቅሬታሽንም አይቻለሁ። የእናትየውን ቡና አትንኪ። ቤት ውስጥ የሚውሉ ትልቅ ሴት ቡና ጎረቤታቸውም ዜናቸውም ነው። አንቺ የምትችይው የ50 ብር ቡና መግዛት ትተሽ ጥሬውን በኪሎ መግዛት ነው፤ የሚቆሉት እሳቸው ናቸው። ደግሞም በቤትሽ ውስጥ ስለ በርበሬ፣ ስለ ቅቤና ስለ ሽሮ ከሁላችንም የበለጠ የሚያውቁት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አላማከራቸውም። ዛላ በርበሬውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲነቀንቁት ፍሬው ሲንኳኳ ደረቅ መሆኑን ያውቃሉ፤ እርጥቡን በርበሬ መግዛት ውኃ በበርበሬ ዋጋ መግዛት ነው። ጉልበታቸው ገበያ ለመሄድ ካልፈቀደ ዛላውን በጥቂቱ አስመጪላቸውና ይምረጡ። በጥቂት ብር ርካሽ ሆኖ የተፈጨ በርበሬ ከመንገድ ዳር ግን አደራሽን አትግዢ። ከአስቤዛ ሁሉ ባዕድ ነገር ለመቀላቀል የሚቀለው የተፈጨ በርበሬ ነው። ዛላውን ራስሽ አይተሽ አስፈጪ።

ቅቤም ወቅት አለው፤ የሚገርመው ግን ወቅቱን የሚወስነው ላሟ ሳትሆን ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት መካከል የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይላላል፤ ለበዓል ሳምንት ሲቀረው ግን ሁሉም አብሮ ይሰለፋል። አንቺ በየዓመቱ በዓል ዋዜማ ላይ ነው የምትገዢው። ዘንድሮ በታኅሣሥ መጀመሪያ ግዢና እናትየው በኮረሪማና በኮሰረት ያንጥሩልሽ። የተነጠረ ቅቤ ማሰሮ ውስጥ ወራት ይቆያል። ስትገዢ ጫፉን በጣትሽ ቅመሺ፤ ጥሩ ቅቤ ምላስ ላይ ሟሙቶ ይጠፋል፣ የተቀላቀለበት ግን ምላስ ላይ ይያዛል ወይም ይሻክራል። ይህንንም እሳቸው ከእኔ ይሻላሉ።

ስለ ሥጋ ብዙ አልልም። በወር አንድ ኪሎ ከሉካንዳ ከምትገዢ በዓል ላይ ቅርጫ ግቢ፤ አንድ መደብ ከወሰድሽ ከፊሉን ቋንጣ አድርጊው። የልጆቹን የትምህርት ቤት መክሰስ ግን አንድ ነገር ልበል። በወር 1,140 ብር በፋብሪካ ብስኩትና በፓኬት ጭማቂ ሄዷል፤ ከሥጋው ይበልጣል። ቆሎ ቁዪላቸው፣ ዳቦ ጋግሪላቸው፣ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ብስኩት ይሁን። ሙሉ በሙሉ አትከልክያቸው፤ ጓደኛቸው ፊት የሚያፍር ልጅ ቤት ሲመጣ ሱቅ ካልተላክሁ ይላል።

የወረዳሽ ሸማቾች ማኅበር ሱቅ ላይም ጠይቂ። ዘይትና ስኳር ሲገባ ከገበያው ይቀንሳል፤ ግን ሁልጊዜ አይገባም፣ ወረፋም አለው። ለእነዚያ ሁለት ነገሮች ብቻ ተጠቀሚበት እንጂ ለሌላው ሥራ አስፈቅደሽ እንዳትሰለፊ፤ የአንቺ ግማሽ ቀን ከአንድ ኪሎ ምስር ቅናሽ ይበልጣል።

ማቀዝቀዣውን ስለጠየቅሽኝ፦ አሁን አትግዢ። ጤፍ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ሽንኩርት ነፋስ ነው የሚፈልገው፣ የተነጠረው ቅቤ በማሰሮ ይቆያል፣ ቋንጣው ገመድ ላይ ነው። ለዱቤ የምትከፍይውን በማቀዝቀዣ ክፍያ ተክተሽ እንደገና 143 ጊዜ እንዳትገዢ እፈራለሁ። ኩንታሉ ቤት ከገባና የባለሱቁ ደብተር ከተዘጋ በኋላ፣ የካቲት ላይ፣ ያኔ ጠይቂኝና ስለ ዋጋውም ስለ መብራቱም እናወራለን።